መጣሁ ብላ የሄደችው እህቴ

ያ ክረምት ሁሉን ነገር ያሻገተ ክረምት ነበር። ዝናቡ ጠዋት ይጀምራል፤ ሲመሽም እዚያው ነው። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድበት ለመሰማማት እንጮህ ስለነበር መንገደኛ ቢሰማን ቤተሰቡ በሙሉ የተጣላ ነበር የሚመስለው። ግድግዳው ያልበዋል። ከአልጋ ሥር ጫማ ሲወጣ ጺም አብቅሎ ይገኛል። ልብሳችን የሚኖረው ሻንጣና ካርቶን ውስጥ ነበርና፣ አንድ ቀን እማዬ የክት ቀሚሷን ብታወጣው ጀርባው አረንጓዴ ሆኗል። እርጥብ ልብስ በሸተተኝ ቁጥር ዛሬም ያ ክረምት ይመጣብኛል። ደስ አይልም ልል ነበር፤ ግን ሁላችንም አንድ ቤት ውስጥ ነበርን።

«ቁም ሳጥን ይገዛ» አለች እማዬ። ነገሩ ሁሉ ከዚያ ነው የመጣው፤ ሳጥኑን እንድትመርጥ የተላከችው ታላቅ እህቴ ነበረችና።

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። የሰፈሩ ሰው ስሟን ትቶ «መጣሁ» ይላታል። ሱቅ ትገባለች፣ ዕቃውን ታገላብጣለች፣ ታሸታለች፣ በጣቷ አንኳኩታ ታዳምጠዋለች፣ ማን እንደሠራውና የሠራው ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ሳይቀር ትጠይቃለች። ከዚያ እንደተኛ ሕፃን ቀስ አድርጋ ታስቀምጠውና «መጣሁ» ብላ ትወጣለች። መጣሁ ማለት በኛ አፍ ሄድኩ ማለት መሆኑን ማንም ያውቀዋል። ባለሱቆቹም ያውቁታል፤ «እሺ እመቤቴ» ብለው ዕቃውን ወደ መደርደሪያው ይመልሱታል። ከእሷ ጋር ድስት ልግዛ ብሎ የወጣ ሰው ድስቱን የሚያገኘው ረሃቡ ካለፈለት በኋላ ነው።

ባለቤቴ ደግሞ የእሷ ተቃራኒ ነበር። እሱ ዕቃ አይመርጥም፤ ዕቃው ነው እሱን የሚመርጠው። ሬዲዮ ስለ አንድ ሳሙና ከዘፈነ፣ ዘፈኑ ሳያልቅ ባለቤቴ ሱቅ ደርሷል። ሳሙናው አረፋ የለውም፤ እሱ ግን ሲታጠብ ዘፈኑን ስለሚዘፍን አይታወቀውም። ሁለቱ አንድ ገበታ ላይ ከተቀመጡ ሰላም የለም።

«አንቺ ስትመርጪ እኮ ፋብሪካው ይዘጋል» ይላታል።

«አንተ ባትኖር ድሮ ተዘግቶ ነበር» ትለዋለች።

እንግዲህ ለሳጥኑ ብለን አናጢው ዘንድ ሄድን። የአናጢው ቤት ዋናው መንገድ ዳር ነበር፤ ከኋላ ይሠራል፣ ከፊት ይሸጣል። ሚስቱ የሞተችበት፣ ዝምተኛ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ እርሳስ ሲፈልግ የሚውል ሰው ነው። ለነጋዴ የማይሆን አንድ ጠባይ ነበረበት፤ ሰው የነገረውን ያምናል።

በሩ አጠገብ ሁለት በር ያለው፣ መሳቢያዎቹ ከታች፣ መስታወቱ ከውስጥ የሆነ ቁም ሳጥን ቆሟል።

«ይሄ ጣውላ ነው ወይስ ቺፑድ?» አለች እህቴ።

«ጣውላ ነው።»

«ሁለመናው?»

«ጀርባው ኮምፔንሳቶ ነው።»

እህቴ ቀና ብላ አየችው። የዕቃውን ጀርባ ሳይጠየቅ የሚናዘዝ ሻጭ አጋጥሟት አያውቅም። መሳቢያውን ሳበች፣ ገፋች። በሩን ከፈተች፣ ዘጋች፤ ማጠፊያው ድምፁን አላሰማም። አፍንጫዋን አስገብታ አሸተተች። ከዚያ ጫማዋን አወለቀችና ሳጥኑ ውስጥ ገባች።

«ምን ልትሆኚ ነው?» አልኳት።

«ብርሃን ካስገባ አቧራም ያስገባል። እስቲ ይዝጉልኝ።»

አናጢው ወደ እኔ አየ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ዘጋባት።

በዚህ መሀል አንድ ጎረምሳ ከእጮኛው ጋር ገባ። ልጅቷ ገና ከደጃፉ ሳጥኑን ስታይ ዓይኗ በራ። «ይሄ! ይሄን ነው ስፈልግ የኖርኩት!»

አናጢው መዋሸት አይችልም፤ እውነቱን ደግሞ በምን አፉ ይናገረው? «ውስጡ… ዕቃ አለበት» አለ።

«ዕቃው ይወጣል አይደል?»

«ይወጣል። ሲፈልግ።»

ልጅቷ እጇን ወደ በሩ ስትዘረጋ፣ ከሳጥኑ ሆድ ውስጥ «ተይዟል!» የሚል ድምፅ ወጣ።

እሷ ጮኸች። ጎረምሳው ግን ከጩኸቷ ቀድሞ መንገድ ላይ ነበር። በዚያ ሩጫ የተነሳ ተጋብተው ይሁን ተለያይተው አላውቅም።

እህቴ በዕድሜዋ አንድን ዕቃ ተይዟል ስትል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሌላ ሰው ባይፈልገው ኖሮ እሷም አትለውም ነበር፤ ይሄ እንኳ የሷ ብቻ አይደለም፣ ሁላችንም ጎረቤት እጅ ላይ ሲሆን ነው ዕቃ የሚያምረን። አናጢው በሩን ሲከፍትላት ላቧን በእጅጌዋ ጠረገችና፣ «ብርሃን አያስገባም። ቫርኒሹ ግን ራስ ያዞራል። እስቲ ትንሽ ይቆይ። መጣሁ» አለች።

«እሺ፣ አለሁ» አለ አናጢው። ጠመኔ አነሳና በሳጥኑ በር ላይ «ተይዟል» ብሎ ጻፈ።

ሰውየው አምኗት ነበር።

በሳምንቱ ተመለሰች፤ ለመግዛት ሳይሆን ሽታው ለቆ እንደሆነ ለማየት። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ጣውላው አብጦ እንደሆነ ልታይ ሄደች። በጋ ሲገባ ተሰንጥቆ እንደሆነ። ከዚያ ሌላ ክረምት መጣ። የኔ ልጆች ተወልደው ቆመው ሄዱ፤ ልብሳቸውም እንደኛው ካርቶን ውስጥ አደገ። እህቴ እየሄደች መሳቢያ ትስባለች፣ በር ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። አናጢው ሻይ ያፈላላታል፤ ስለ ጨርቅ ትነግረዋለች፣ ስለ እንጨት ይነግራታል። «መጣሁ» ትለዋለች፤ «አለሁ» ይላታል። ጠመኔው ሲደበዝዝ በላዩ ላይ ደግሞ ይጽፍበታል።

«ሰውየው የያዘላት ሳጥኑን ነው እንዴ?» አለች እማዬ አንድ ቀን።

«ታዲያ ምኑን ነው?» አለች እህቴ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል። ስፌቷ ግን እንደ ጅረት ተጣሞ ነበር።

ብቻዋን ሳገኛት፣ «አትወጂውም?» አልኳት።

«ልውደደው። ወስጄው ስገባ ሌላ ጉድ ቢወጣበትስ? ሰው እንደ ዕቃ አይመለስ።»

«አንቺ ዕቃም መልሰሽ አታውቂም እኮ። መቼ ገዝተሽ!»

ሳቀች። ግን ፊቷ ላይ ፍርሃት አየሁ። ለካ እህቴ ቆጣቢ ወይም ጨቅጫቃ ሆና አይደለም፤ አንዱን ይዛ ሌላውን ሁሉ መተው ነው የሚያስፈራት።

ነገሩ እንዲህ ሲጓተት ባለቤቴ አንድ ማታ ከሥራ ሲመጣ የተጠቀለለ ትልቅ ፎቶ ይዞ ገባ። ሐይቅ አለበት፤ ሐይቁ ላይ ጀልባ፤ ጀልባው ላይ የሚስቁ ሰዎች።

«ዕረፍት እንወጣለን! ሁላችንም!»

እህቴ ፎቶውን ወደ መብራቱ አስጠጋችው። «ሰዎቹ ምንድን ነው የሚያስቃቸው?»

«ደስ ብሏቸው ነዋ!»

«ፎቶ አንሺው ፊታቸው ቆሞ?»

ባለቤቴ የገዛውን የዳክዬ ራስ ያለው የላስቲክ መዋኛ ቀለበት አወጣ። እዚያው ሳሎን ውስጥ ዓይኑ እስኪፈጥ ነፋው። ከዚያ ማስቀመጫ ስለጠፋ እማዬ ተቀመጠችበት፤ ለወገቧ ተስማማት፤ ማንም አላስነሳትም።

በማግስቱ እህቴ እኔን አስከትላ ፎቶው ወደመጣበት የጉዞ ወኪል ቢሮ ሄደች። ጠረጴዛው ላይ የነበረችው ልጅ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ዘረጋችላት። እህቴ አንዱን አንስታ ገለበጠችና ጀርባውን አየች።

«ሐይቁ እዚህ ጋ ተቆርጧል። ከዚህ ወዲያ ምን አለ?»

«ከዚያ ወዲያም ሐይቅ ነው፣ እማማ።»

«ማን አየው? ትራሱስ ጥጥ ነው ስፖንጅ?»

«ብዙ ሰው ሄዶ ወዶታል።»

«ብዙ ሰው ማን ነው? የምታውቂውን አንድ ሰው ጥሪልኝ።»

ልጅቷ ብዙ አሰበች። «አክስቴ» አለች በመጨረሻ።

«አክስትሽ መራጭ ናት?»

«ኧረ አይደለችም። እሷ ሁሉም ነገር ደስ ይላታል።»

«በይ ተይው» አለችና እህቴ ተነሳች። ቤት ገብተን ባለቤቴ ሲጮህ፣ እሷ ሻንጣዋን አዘጋጀች፤ ሄዳ አልጋውን ተኝታበት፣ ውሃውን በእጇ ነክታ ካልተመለሰች ቤተሰቡን ወደማታውቀው ቦታ አትልክም። ወደ አውቶቡሱ ስትሄድ በአናጢው በኩል አለፈች። ሻንጣዋን የያዝኩት እኔ ስለነበርኩ ሁሉንም ሰምቻለሁ።

«አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር» አላት አናጢው። መላጊያውን ከእጁ ወደ እጁ ያዛውራል።

«ስመለስ ይነግሩኛል። አይቼ መጣሁ።»

«እሺ… አለሁ» አለ።

ሊነግራት የነበረውን ለእኔ ነገረኝ። መንገዱ ሊሰፋ ነው፤ የእሱ ቤት ይፈርሳል። ክረምቱ እንዳበቃ መልቀቅ አለበት።

እህቴ በነጋታው አልመጣችም። በሳምንቱም አልመጣችም። የአውቶቡሱ ሾፌር ብቻ ወሬ ያመጣልናል። ያረፈችበት የሐይቁ ዳር ማረፊያ ባለቤት አሮጊት ናት፤ እህቴ መጋረጃው ሳስቷል ስትላት «ታዲያ አንቺው ስፊው!» ብላ ጨርቅ ወርውራላታለች። የመጋረጃው ሲያልቅ የአልጋ ልብሱ፤ የአልጋ ልብሱ ሲያልቅ የትራሱ። «ገና አይቼ አልጨረስኩም በላቸው ብላኛለች» ይላል ሾፌሩ።

የባለቤቴ የዕረፍት ጊዜ እዚሁ ቤት አለቀ። ከእማዬ ጋር በዳክዬው የተነሳ ተኮራርፈው ነበር።

የአናጢው ሰፈር መፍረስ ጀመረ። ወንበሮቹን ሸጠ፤ አልጋዎቹን ሸጠ፤ የሚሠራበትን ጠረጴዛ ሳይቀር ሸጠ። አንድ ቀን ብሄድ ባዶው ቤት መሀል ያ ቁም ሳጥን ብቻውን ቆሟል። ጠመኔው አዲስ ነው።

«እህትሽ ትመጣለች?» አለኝ።

ምን ልበለው? «መጣሁ ብላ ነው የሄደችው» አልኩት።

«እሱንማ እኔም ሰምቻለሁ።»

«ባለፈው ሾፌሩን ስለ ሳጥኑ ጠይቃዋለች» አልኩት፤ እውነቴን ነበር። «የሚፈርስ ቤት ውስጥ እርጥበት ይገባል፣ ሳጥኑ ደህና ነው ወይ ብላዋለች።»

አናጢው ቀና አለ። «ስለ መፍረሱ ሰምታለች?»

«ሰምታለች።»

«ሰምታ የጠየቀችው ሳጥኑን ነው?»

«ሳጥኑን ነው።»

ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ያኔ እርሳሱ ከጆሮው እስኪወድቅ ሳቀ። «እንግዲያው ገና አይታ ካልጨረሰች፣ ዕቃውን ካለችበት ማድረስ የሻጭ ወግ ነው» አለ።

የጭነት መኪና ለመነ፤ ሳጥኑን በብርድ ልብስ ጠቀለልነው። እኔ እህቴን ለማየት ወጣሁ። ባለቤቴ ሐይቁን ለማየት ወጣ፤ ቦታ ስለሌለ ዳክዬውን አንገቱ ላይ አጥልቆ። መንገዱን ሁሉ ልጆች እያዩን ይሮጡ ነበር።

ማረፊያው አረንጓዴ በር ነበረው። እህቴ ደጃፉ ላይ መጋረጃ ይዛ ቆማለች። አናጢው ከመኪናው ወረደ፣ ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ፣

«መጣሁ» አለ።

እህቴ አየችው። ከጫማው ጀምራ እስከ ፀጉሩ አየችው። ባለቤቴ በጆሮዬ፣ «አሁን ታንኳኳዋለች» አለኝ። ዙሪያውን ትዞረዋለች ብዬ እኔም ስጠብቅ ነበር። ከዚያ እሷም መጣሁ ብላ ወደ ውስጥ ትገባለች፣ ያም ሰው ከነሳጥኑ መንገድ ላይ ይቀራል ብዬ ፈራሁ።

«አለሁ» አለች። ከበሩ ፈቀቅ አለችና፣ «ግባ» አለችው። ይግቡ አላለችም። ያን ሁሉ ዘመን እርስዎ ስትለው የኖረችውን ሰው።

ሳጥኑ ሲወርድ ግን ብርድ ልብሱን ገልጣ ዞረችው። «እዚህ ጋ ተጭሯል።»

«መንገዱ ነው» አለ አናጢው።

«አየሁት» አለች። የመጋረጃውን ጫፍ በምራቋ አራሰችና «ተይዟል» የሚለውን ጠረገችው።

ባለቤቴ ሐይቁ ውስጥ ገባ። ዳክዬው ውሃ እንደነካ ተነፈሰ። ውሃው ጉልበቱ ድረስ ስለነበር የጠፋብን ዳክዬው ብቻ ነው። ከፎቶው ወዲያ ያለውን ደግሞ ሄጄ አየሁት፤ እውነትም ሐይቅ ነው።

እንግዲህ እኛ ቤት ልብሱ ዛሬም ሻንጣ ውስጥ ነው። እማዬ አልፋለች፤ ባለቤቴም። ሾፌሩ ጡረታ ሳይወጣ ለመጨረሻ ጊዜ ወሬዋን ሲያመጣልኝ፣ እንግዳ ክፍል አይቶ «መጣሁ» ብሎ ሲወጣ እህቴ «እሺ፣ አለን» ብላ ክፍሉን ለሌላ እንደማትሰጥ፣ በዚህም ከአሮጊቷ ጋር ሁልጊዜ እንደሚጨቃጨቁ ነገረኝ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት የለም።

ታላቅ እህቴ፣ እኔ እስከማውቀው ድረስ፣ ሐይቁ ዳር፣ አረንጓዴ በር ባለው ማረፊያ፣ ከአናጢው ጋር ትኖራለች። ቁም ሳጥኑ ከመግቢያው በስተግራ ነው።