ጭስ የሌለው ጓዳ፤ በሰኔ ሚካኤል ዋዜማ ወደ ፎገራ

ወጥቶ መግባትን በቸርነቱ የሚሰጥ የእግዚአብሔር ስም ይቅደም። የጉዞዬ ምክንያት ይህ ነው። ከወረታ ወዲያ፣ በፎገራ ሜዳ ላይ፣ የሺመቤት የምትባል ባሏ የሞተባት ታናሽ እህት አለችኝ። ክልላችን በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የማገዶ ጭስ እንዲቀንስና ደን እንዲተርፍ ብሎ፣ እበት በጉድጓድ ተብላልቶ የሚሰጠውን ጋዝ ለምድጃ የሚያውል ሥራ ሲጀምር፣ ከመንደሩ ሰው ቀድማ ጉድጓዱን ያስቆፈረች እርሷ ናት። ነገር ግን የሽንት ቤት ቧንቧም ከዚያው ጉድጓድ ጋር ተገጠመ። የሚካኤል ማኅበርተኞቿ ይህን አይተው፣ “በሰው ዓይነ ምድር እሳት የበሰለ አንቀምስም” አሏት። የሰኔው ተራ የእርሷ ነውና፣ “ወንድምዓለም፣ ካህን ነዎትና መጥተው ይፍረዱ” ብላ ላከችብኝ።

ሰኔ ፲፩፣ ንጋት፤ ባሕር ዳር

ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ገና አላባራም። ጋቢዬን ተከናንቤ፣ መቋሚያዬን በጉልበቶቼ መካከል አቁሜ ከሚኒባሱ ሾፌር ጀርባ ተቀምጫለሁ። የዓባይን ድልድይ ስንሻገር ዳዊቴን ጀመርሁ፤ ሐሳቤ ግን አልሰበሰብ አለኝ። በምርኮ አገር ሳለ እንጀራውን በሰው ፋንድያ እንዲጋግር ታዝዞ የተጨነቀ ነቢይ እንደ ነበረ ተምሬአለሁ፤ ቢለምን በከብት ኩበት ተለወጠለት። ብፈቅድ ነቢዩ የተጸየፈውን ለማኅበር አበላለሁ። ብከለክል ሐኪም “ጭስ ካልተውሽ ዓይንሽ አይተርፍም” ያላትን እህቴን ወደ ጭሱ እመልሳለሁ። ስድሳ ዓመት የተማርሁት ትምህርት ሁሉ ለዚህች ለአንዲት ድስት አልበቃ ብሎ ፈራሁ።

ረፋድ፤ ሐሙሲት

የከሰል ማዳበሪያዎች አፋቸው በቅጠል ተወትፎ በመንገዱ ዳርና ዳር ተደርድረዋል። ሴቶቹ ላስቲክ ደርበው መስኮቱን ያንኳኳሉ። ከጎኔ የተቀመጡት አቶ ሰይድ የሚባሉ የወረታ ጨርቅ ነጋዴ ዋጋ ጠይቀው ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ከሰሉም እንደ ሐር ሆነ እኮ፣ የኔታ።”

የምሄድበትን ስነግራቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“የእበት ጋዝ? እኛ ዘንድ አንዱ ቧንቧውን ከፍቶ ረስቶት ኖሮ፣ ቆይቶ ክብሪት ጫረ። እሳቱ ቅንድቡን ይዞበት ሄደ። ሚስቱ እስከ ዛሬ ቅንድቡን በኩል ነው የምትስልለት።”

ሾፌሩ ሳቀ። እኔ ግን የእህቴ ጓዳ አንዲት መስኮት ብቻ እንዳላት አሰብሁ።

ጉማራ

ወንዙ ጭቃ ለብሷል፤ ሥሩ የተመነገለ ዛፍ ተሸክሞ በድልድዩ ሥር ሲያልፍ ብረቱ የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። አቶ ሰይድ “ገና በሰኔ እንዲህ ከሆነ ነሐሴን ምን ይውጠን ይሆን” አሉ።

ቀትር፤ ወረታ

የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች በሚለያዩበት ዘንድ የጭነት መኪናና ባጃጅ ተቆላልፎ ቆሟል። የወረዳው የኢነርጂ ባለሙያ ሰላማዊት ትባላለች፤ የደሴ ልጅ ናት። ጉድጓዱን ልታይ ወደዚያው ትሄድ ነበርና ቦት ጫማዋን አጥልቃ ጠበቀችኝ፤ በአንድ ባጃጅም ተጓዝን።

“ልጄ፣ ለአንዲት ባልቴት ምድጃ መንግሥት ይህን ያህል የሚደክመው ስለ ምንድን ነው?” አልኋት።

“ስለ እሷ ዓይን ብቻ አይደለም፣ አባቴ። እንጨቱ ሲጨስ፣ እበቱም ሜዳ ላይ ሲበሰብስ የሚወጣው ጋዝ ሰማዩ ላይ ተከማችቶ ምድርን ያሞቃል። ጉድጓዱ የእበቱን ጋዝ ይይዘዋል፤ ሲነድ ጉዳቱ ይቀንሳል። ክልሉ ቤት ለቤት ካልጀመርን አይሆንም ብሏል፤ የእንጨት ቆጣቢ ምድጃውም፣ የፀሐይ መብራቱም ለዚሁ ነው።”

“ምድር ስትሞቅስ?”

“ዝናቡ ልኩን ያጣል፤ አንዴ ይቀራል፣ አንዴ እንዲህ ይሆናል” አለች፣ ውኃ የተኛበትን የሩዝ ማሳ እያመለከተች።

የእያንዳንዷ ጓዳ ጭስ ወደ ላይ ወጥቶ ጎርፍ ሆኖ እንደሚመለስ ባሰብሁ ጊዜ አማተብሁ።

ከቀትር በኋላ፤ የሺመቤት ቤት

ባጃጁ ጭቃውን ፈርቶ ስለ ቆመ የቀረውን በእግራችን ሄድን። እህቴ መስቀሌን ተሳልማ ወደ ጓዳ አስገባችን። ግድግዳው የድሮውን ጥቀርሻ እንደ ያዘ ነው፤ ዓይኖቿ ግን ጠርተዋል፤ ያ መቅላት የለም። ክብሪት ስትጭር ወደ በሩ አፈገፈግሁ። ሰማያዊ ነበልባል ያለ ድምፅ ብቅ አለ። የሽሮውን ድስት ጣደች።

ሰላማዊት ጉድጓዱን ልታይ ወጥታ ተመለሰች።

“እማማ፣ ሽንት ቤቱ ለምን ተቆለፈ?”

የእህቴ ፊት ተለወጠ። ቁልፉ ከማተቧ ጋር ታስሮ ኖሯል፤ ፈትታ ሰጠች። በሩ ሲከፈት የሩዝ ጆንያ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል፤ ከደጃፉ አንዲት ዶሮ እንቁላሏን ታቅፋለች። ወለሉ እንደ ቤተ መቅደስ ተጠርጓል።

“ያለ ሽንት ቤት ምድጃ አንሰጥም ስትሉ ሠራሁት” አለች እህቴ መሬት መሬት እያየች። “ከዚያ ወዲያ እግሬ እንቢ አለኝ። በዚያ እሳት ሚካኤልን እንዴት ብዬ ልዘክረው? ጉድጓዱ ከላሞቼ እበት በቀር የቀመሰው የለም።”

“ታዲያ ይህን ለማኅበርተኞችሽ ለምን አልነገርሽም?” አልኋት።

“ቢሮው ሰምቶ ምድጃውን ቢነቅለውስ? ብናገር እሳቴ ይሄዳል፤ ዝም ብል ማኅበሬ ይሄዳል።”

ሰላማዊት ግንባሯን ያዘች። “እኔ ሁሉም ይሠራል ብዬ ለአለቃዬ ተናግሬአለሁ። ቤተ ሰቡስ የት ነው የሚወጣው?”

“ሜዳ።”

“ሜዳው እኮ ውኃ ሲሞላ ከምትጠጡት ጉድጓድ ነው የሚገባው፣ እማማ።”

ያን ጊዜ የመጣሁበት ፍርሃት ሌላ መልክ ያዘ፤ ስለ ድስቲቱ ንጽሕና ስጨነቅ የውኃውን አላሰብሁምና። ስለዚህ እንዲህ አልሁ፦ “ቧንቧው በሲሚንቶ ይደፈን፤ የከብቱ እሳት ንጹሕ ነው። ሽንት ቤቱም ሩዙ ወጥቶለት፣ ለብቻው ጉድጓድ ተቆፍሮለት፣ ሽንት ቤት ይሁን።”

“በሁለት ላም እበት ብቻ ጋዙ ያንሳል፣ አባቴ።”

“ያነሰው ይብቃን” አለች እህቴ።

ሰላማዊት የቦቷን ጭቃ በደጃፉ ጠረገች። “ለአለቃዬ እውነቱን እኔው እነግረዋለሁ። ምን እንደሚለኝ ግን አላውቅም” አለች። እርሷም ፈርታ ነበር።

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ

የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም ሰብሳቢው፣ አቶ ደምሌ ተጠርተው መጡ፤ የሆነውንም ነገርናቸው። ሽንት ቤቱን ከፍተው ጆንያዎቹን በበትራቸው አንድ በአንድ ነካኩ፤ ዶሮዋ ተቆጣቻቸው።

“አየ የሺ! ለሩዝሽ እንዲህ ያለ እልፍኝ ከሠራሽ፣ ነገ እኛን ጎተራ ውስጥ ልታስቀምጪን ነው?”

ከዚያም ገቡና ተቀመጡ፤ እጃቸውን ግን ወደ መሶቡ አልሰደዱም። እኔን ያያሉ። የጾሙ መፍቻ ሰዓት ደርሷል። እህቴ የበሩን መቃን ተደግፋ ቆማለች፤ ነጠላዋን በጣቶቿ ትጠመዝዛለች። ብሳሳት በእኔ አፍ የሚሳሳተው መንደር ምን ያህል እንደ ሆነ አውቃለሁ። ባረክሁ፤ ቆረስሁ፤ ጎረስሁ። አቶ ደምሌ ጉሮሮዬን ሲመለከቱ አየሁ።

ዋጥሁ።

እጃቸውን ታጥበው ቀረቡ። ሦስተኛውን ጉርሻ ከጎረሱ በኋላ፣ “ጭስ ጭስ አይልም፤ እንዲያውም አንድ ነገር የጎደለው ይመስላል” አሉ። ቀጥለውም፣ “በዓሉ ይለፍ እንጂ፣ ጉድጓዱን ማኅበሩ ይቆፍርልሻል” አሏት። እህቴ ወደ ጓዳ ገባች፤ ስታለቅስ ሰማኋት።

ሰኔ ፲፫፤ መልስ

ማኅበሩ ሙሉ ነበር፤ ጽዋውም ተራውን ጠብቆ ለተረኛው ተላለፈ። አሁን ጉማራን እየተሻገርን ነው። ውኃው ከትናንት በስቲያው ይልቅ ወደ ድልድዩ ቀርቧል፤ የሰላማዊትም አለቃ ገና መልስ አልሰጠም። ፈርቼ ጋቢዬን ወደ ፊቴ ሳብሁ። ከእህቴ ቤት በተመለስሁ ቁጥር ጭሱ ሳምንት ሙሉ ከልብሴ አይወጣም ነበር። ዛሬ አሸተትሁ፤ ደግሜም አሸተትሁ። የዝናብ ሽታ ብቻ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ጓዳህን ከጭስ፣ ደጅህን ከጎርፍ፣ ውኃህን ከእድፍ ይጠብቅልህ፤ በማዕድህ ዙሪያ የሚቀመጡትንም ሳያጎድል ለከርሞ ያድርስልህ፤ አሜን።