ከሚስማር ተራ የተነፋው ቀንድ

ባለፈው ክረምት የአባቴን የዕቃ ሣጥን ስንከፍት ቀንዱ ከመጋዙና ከመላጊያው መሀል ወጣ። አንስቼ አሸተትኩት። የጭስ፣ የቅቤና የዋንዛ ሰጋቱራ ሽታ አሁንም አለቀቀውም። ቤት ውስጥ እናቴና እኔ ብቻ ነበርን፤ ውጪ የጂንካ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

ቀንዱ መጀመሪያ የጎረቤታችን ነበር። የአሪ ብሔረሰብ ተወላጅ የሆነው ይህ ሽማግሌ ለደቦ ሰው ሲፈልግ ከወንዙ ማዶ ሆኖ ይነፋዋል። የሰማ ሁሉ፣ መሄድ የማይችለው እንኳ፣ በሩ ላይ ወጥቶ «ሰማን!» ብሎ ይመልስለታል። እኛ ልጆቹ ለምን እንደሆነ ስንጠይቀው «እሱ ነፋ፣ አንተ ሰማሁ ትላለህ። ዝም ካልክ ትንፋሽ መንገድ ላይ ይቀራል» ብሎናል። ከወላይታና ከጎፋ የመጣነውም ሳንቀር ሰፈሩ በሙሉ ይህን ልማድ ይዘን ነበር።

አባቴ አናጢ ነበር፤ በእጅ ሥራውም በኳስ ፍቅሩም የማይታማ። እሁድ ከቸርች መልስ ሬዲዮኑን መስኮቱ ላይ ያስቀምጣል፣ እኔ አንቴናውን እይዝለታለሁ፣ እናቴ አጠገቡ ተቀምጣ ቦሎቄ ትለቅማለች። ለኳሱ ደንታም አልነበራት። «ይሄ ሁሉ ሰው ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?» ትለዋለች።

«ስታዲየም ነዋ! አንድ ቀን እወስድሻለሁ» ይላታል። ይህን ቃል የገባላት ገና ሲተጫጩ ነው አሉ።

ያን ጊዜ የእኛ ስታዲየም ከተማው መሀል ያለው የአውሮፕላን ማረፊያ ነበር። ከብቱ ይግጥበታል፣ ጎረምሳው ኳስ ይጫወትበታል፤ አውሮፕላን ሲመጣ ላሞቹም ተጫዋቾቹም አብረው ይባረራሉ። የአዲስ አበባውን ስታዲየም በሐሳቤ ስስል እንግዲህ ላሞቹንም አልተውኳቸውም።

አክስቴ አዲስ አበባ ልጇን ስትድር ሁላችንም ልንሄድ ተዘጋጀን። እናቴ ግን ታናሽ ወንድሜን አርግዛ ቀኗ ገፍቶ ነበር። የጤና ጣቢያዋ ነርስ «በዚህ መንገድ? በአውቶቡስ? አይሆንም» አለቻት። እናቴ አልተከራከረችም፤ ለጉዞው ያሰፋችውን ቀሚስ መልሳ አጣጠፈችው።

አባቴ ይህን አይቶ ወጣ፣ ቀንዱን ከሽማግሌው ለምኖ ተመለሰ። «እሁድ ሬዲዮኑን ክፈቺ። በጩኸቱ መሀል ሁለቴ ረጅም፣ አንዴ አጭር ከሰማሽ እኔ ነኝ» አላት።

«አንተ ከተማ ካየህ የት ታስታውሰኛለህ» አለች። ቀልድ አስመስላ ነው ያለችው፤ ቀልድ እንዳልነበረ ግን ልጅ ብሆንም አልጠፋኝም።

ሠርጉ ቅዳሜ አለፈ። በማግስቱ አባቴ እኔን ይዞ ወደ ስታዲየም ሄደ። በሩ ላይ ፈታሹ ቀንዱን አገላበጠው።

«ይሄ ምንድነው?»

«ቀንድ ነው።»

«እሱንማ አየሁት። ምን ልታደርግበት ነው?»

«ባለቤቴን ልጠራበት።»

ፈታሹ ስቆ አሳለፈን። የተቀመጥንበት ሚስማር ተራ ይባላል ሲሉት አባቴ ደስታውን አልቻለውም። «አናጢ ሌላ የት ይቀመጣል?» አለኝ።

ኦቾሎኒ፣ ሲጋራና ላብ ይሸታል። ፀሐይ ያሞቀው ስሚንቶ ልብሴን አልፎ ይሰማኛል፤ ያን መቀመጫ እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል። የገረመኝ ግን ኳሱ ማን እግር ላይ እንዳለ የሚነግረን ድምፅ አለመኖሩ ነው። አባቴም ይህ ሳይከነክነው አልቀረም፤ አጠገባችን ወደተቀመጠው ሰውዬ ዞሮ «የሬዲዮ ጋዜጠኞቹ የት ነው የሚቀመጡት?» አለው።

«ማዶ፣ ጥላ ፎቅ። የዛሬው ጨዋታ ግን በሬዲዮ አይተላለፍም።»

አባቴ ቀንዱን ጭኑ ላይ አጋድሞ እጁን ጫነበት። ስንት ዓመት የናፈቀውን ጨዋታ ያየውም አይመስለኝ። እኔም ቤት መስኮቱ ሥር የተቀመጠችው እናቴ ትታየኝ ጀመር።

ቆይቶ ጎል ገባና ሰው ሁሉ ብድግ አለ። አባቴም ተነሣ። «ወንድሜ፣ ጂንካ በየት በኩል ነው?» አለው ሰውዬውን። ሰውዬው ግራ ገብቶት ወደ ደቡብ ጠቆመው። አባቴ ለሜዳው ጀርባውን ሰጥቶ ወደዚያ ዞረና ነፋ። ሁለቴ ረጅም፣ አንዴ አጭር። ከኋላችን ያሉት አጨበጨቡለት። ሲቀመጥ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ሬዲዮ እንዳልነበረ ለእናትሽ እንዳትነግሪያት» አለኝ።

ጂንካ ስንደርስ እናቴ ሆዷን ደግፋ መናኸሪያው በር ላይ ቆማ ነበር። ሰላም እንኳ ሳትለን «ሰምቻለሁ» አለችው።

አባቴ እኔን አየ። እኔ ጫማዬን አየሁ። «ጥርት ብሎ?» አላት።

«ጥርት ብሎ።»

ሽማግሌው ቀንዱን ለአባቴ ተወለት። ከዚያ በኋላ እናቴ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ታወራው ነበር፤ አባቴም ባወራች ቁጥር መዶሻውን ፍለጋ ይነሣል። ስታዲየም ሳይወስዳት ልጅ፣ ሥራ፣ ኋላም ሕመም መጣ። አውሮፕላኑ ዛሬ ከተማው መሀል አያርፍም። አባቴም የለም።

እንግዲህ በዚያ ዝናብ ቀንዱን ይዤ ጠየቅኳት። «እማዬ፣ ያን ቀን በሬዲዮኑ ምን ሰማሽ?»

«ዘፈን» አለች። «ለወትሮው ዘፈን የማልሰማ ሴትዮ፣ ምናልባት መሀል ላይ ጨዋታው ይገባ ይሆናል እያልኩ እስኪመሽ ስንቱን ዘፈን ጠገብኩ።» ቀንዱን አየችና «ለመሆኑ ነፍቶ ነበር?» አለችኝ።

ይህን ሁሉ ዓመት ሳታውቅ መኖሯ ያን ጊዜ ገባኝ።

«ነፍቷል፣ እማዬ። ሬዲዮ እንደሌለ ከነገሩት በኋላ ነው የነፋው። ጂንካ በየት በኩል ነው ብሎ ጠይቆ፣ ወዳንቺ ዞሮ።»

ቀንዱን ከእጄ ተቀበለች። አባቴ አፉን ያሳረፈበትን ቦታ በነጠላዋ ጫፍ ልትጠርገው አለችና ተወችው። ከዚያ ጉልበቷን ይዛ ተነሣች፣ ቀስ እያለች ሄዳ በሩ ላይ ቆመች። እንደ ድሮው ሰፈር አልጮኸችም።

«ሰምቻለሁ» አለች ወደ ዝናቡ።