ያልታዩት ሃምሳ ጥይቶች

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 17 ቀን 2009፣ ማክሰኞ። ሚስቱ አርዲስ ለምሳ ስትጠራው ኦርላን ትቬት ሥራውን አቁሞ ከምድር ቤት ወጣ። በላ፤ ወንበሩ ላይ ጋደም አለ፤ እዚያው ልቡ ቆመች። ሰባ አራት ዓመቱ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የቀረችው ሃምሳ ቀዳዳ ያላት የእንጨት ገበታው ናት፦ ሠላሳ አንድ ያለቀለት ጥይት፣ ባሩድ የሚጠብቅ አሥራ ሦስት ቀለህ፣ ስድስት ባዶ ቀዳዳ። የባሩዱ ቆርቆሮ ተከድኖ ወደ ቁም ሳጥኑ ተመልሷል፤ ሚዛኑም ጨርቁን ለብሷል። ሥራው አላለቀም እንጂ አልተዝረከረከም።

አርባ አንድ ዓመት በከተማዋ የእህል ጎተራ መዛኝ ነበር። ገበሬው ስንዴውን ጭኖ ሚዛኑ ላይ ይወጣል፤ ኦርላን ቁጥሩን ያነባል፤ በቃ። የሚከራከር ከመጣ መኪናውን አስወርዶ እንደገና ያስወጣውና ያንኑ ቁጥር ደግሞ ያነብለታል። ጡረታ ሲወጣ አርዲስ «እፎይ፣ አሁን ያርፋል» አለች። በሁለተኛው ሳምንት ምድር ቤት ወርዶ የጥይት መሥሪያውን ተከለ።

ጠረጴዛውን ከግድግዳው ጋር በብሎን አሰረ። እጀታ ያለውን የብረት መጭመቂያ በላዩ አጠበቀ። ሚዛኑን ከማሞቂያው ንፋስ ለማራቅ ሦስት ጊዜ ቦታ ቀየረለት። አርዲስ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስታየው ቆይታ፣

«እኔን ስታገባ አልጋችንን እንኳ እንዲህ አልተጨነቅህበትም» አለችው።

«አልጋው አይፈነዳማ» አላት።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። የተተኮሰ ቀለህ ይጸዳል፤ በመጭመቂያው ወደ ቅርጹ ይመለሳል፤ ከግርጌው፣ የጠመንጃው መርፌ ሲመታት ብልጭ የምትል ትንሽ ቆርኪ ትገባለታለች፤ ባሩድ ተመዝኖ ይጨመርበታል፤ መጨረሻ ላይ አረሩ አፉ ላይ ይገጠማል። ከአረሩ በፊት ግን ኦርላን የማያልፋት አንዲት ሥርዓት ነበረችው። ባትሪ አብርቶ እያንዳንዱን ቀለህ ወደ ውስጥ ያያል። ባሩድ ያልገባበት ካለ አረሩ በርሜሉ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል። ሁለት ጊዜ የተጨመረበት ካለ ደግሞ ጠመንጃው ተኳሹ ፊት ላይ ይፈነዳል።

ኦርላን በሞተበት ዓመት በጋ አርዲስ ዕጣ ወጣላት። በሚዙሪ ወንዝ ገደሎች ውስጥ ባለ ቀንዱን ትልቅ አጋዘን ለመምታት የሚሰጠውን ፈቃድ ሃያ ሁለት ዓመት ስትጠይቅ ኖራለች።

«ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ሁለተኛ አይወጣልኝም» አለች። «በአባቴ ጠመንጃ ነው የምመታው።»

የአባቷ ጠመንጃ ጥይት ከሱቅ ከጠፋ ቆይቷል፤ የሚሠራላት ኦርላን ብቻ ነው። በዚያ ዓመት ደግሞ ሰው ሁሉ ጥይት ለመሥራት ሲሻማ ቆርኪዋ ራሷ ከገበያ ጠፋች። ኦርላን ቁም ሳጥኑን ቢፈትሽ ያገኘው ሃምሳ ቆርኪ ነው። ሃምሳ ብቻ።

አደኑ ሊከፈት ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት፣ ሃምሳውን ቀለህ ባሩድ ሞልቶ እንደጨረሰ ጎረቤታቸው ሌስተር ክሪንግ ሳያንኳኳ ወረደ።

«ሰማህ? ሉዊስታውን ከተማ ቆርኪ ገባ ሲሉኝ በንጋት ሄጄ ተሰለፍኩ።»

«አገኘህ?»

«እኔ ጋ ሲደርስ አለቀ። ባዶ እጄን ከምመለስ ብዬ ዶናት ገዛሁ። እንካ፣ ብላ።»

«እዚህ ጠረጴዛ ላይ ስኳር አይፈስም።»

«ኧረ ሰውዬው! ጫማዬንስ ላውልቅ?»

ሌስተር አንድ ሰዓት ሙሉ አወራ፤ ስለ ሰልፉ፣ ስለ ምራቱ፣ ስለ ጉልበቱ። የኦርላን እጅ ግን ሥራ አልፈታም።

ምሳ ላይ አርዲስ የባሏን ሳህን አየች። ድንቹ አልተነካም።

«ምን ሆነሃል?»

«አላየሁም።»

«ምኑን?»

«ቀለሁን ወደ ውስጥ አላየሁም። ሌስተር ሲያወራ አረሩን ገጠምኩት። ሃምሳውንም።»

«ሁለት ጊዜ የጨመርክበት አለ?»

«የለም ይመስለኛል።»

አርዲስ ሹካዋን አስቀመጠች። አርባ ስምንት ዓመት አብረው ሲኖሩ «ይመስለኛል» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ዝም ቢላት ኖሮ አታውቅም ነበር። በዚያ ጠመንጃ ላይ ጉንጯን የምታሳርፈው ደግሞ እሷ ናት።

«ብንመዝናቸውስ?»

«ቀለሁም አረሩም እርስ በርሱ ይለያያል። ሚዛኑ አይነግረኝም።» ሳህኑን ገፋ አድርጎ፣ «የኔን ጠመንጃ ያዢ። የሱቅ ጥይት አለው» አላት።

«ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቅሁት ባንተ ጠመንጃ ልተኩስ ነው? እንፍታቸው!»

ስልኩን አነሳች። «ሌስተር፣ አፍህ ያበላሸውን እጅህ ያስተካክለው። ቶሎ ና!»

ጥይት የሚፈታበት መዶሻ ጭንቅላቱ ክፍት ነው፤ ጥይቱ እሱ ውስጥ ይታሰርና መዶሻው ግንድ ላይ ሲመታ አረሩ ከቀለሁ ይላቀቃል። ባሩዱ ይወጣል፤ ቆርኪዋ እንዳለች ትቀራለች። ሌስተር መታ፤ አርዲስ አረሩን ለቀመች፤ ኦርላን ባሩዱን መዘነ።

«ልክ» አለ ኦርላን።

ጓ! ጓ!

«ልክ።»

አሥራ ሁለተኛው ላይ ማዶ ያለችው ጎረቤት ደውላ ቤት እያፈረሱ እንደሆነ ጠየቀች። ሠላሳኛው ላይ ሌስተር ትከሻውን ያዘ።

«አርዲስ፣ የአጋዘን ሥጋ እንዲህ ከሆነ እኔ ከዛሬ ጀምሮ ጎመን ነው የምበላው።»

«አውራ አላልንህም፤ ምታ።»

አርባ ዘጠነኛው ልክ ነበር። ሃምሳኛው ላይ አርዲስ ወደ ሚዛኑ ጎንበስ አለች። ኦርላን መነጽሩን ጠረገ፤ አየ፤ ደግሞ አየ።

«ልክ።»

ሌስተር መዶሻውን ወረወረው። «ታዲያ ትከሻዬ የተገነጠለው በከንቱ ነዋ!»

«በከንቱ አይደለም» አለ ኦርላን ረጋ ብሎ። «ቅድም ይመስለኝ ነበር። አሁን አውቃለሁ።»

አርዲስ ሆዷን ይዛ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ኦርላንም ስኳሩን ረስቶ ሌስተር ጠዋት ካመጣው የቀረውን ዶናት እዚያው ጠረጴዛው ላይ በላ።

የተፈታውን ባሩድ ወደ ቆርቆሮው አልመለሰውም፤ ለማዳበሪያ ብሎ ጽጌረዳው ሥር በተነው። በማግስቱ በሩን ቆልፎ ሃያ ቀለህ ብቻ ሞላ፤ የእሱም የአርዲስም ክንድ ከትናንቱ ሥራ ዝሎ ነበርና የቀረው ሠላሳ ይቆይ አሉ። አረሩ ከመገጠሙ በፊት ባትሪውን ለአርዲስ ሰጣት። እሷ አየች፤ ከዚያ እሱ አየ። አምስቱን የጠመንጃዋን ማነጣጠሪያ ልታስተካክልበት ከከተማው ውጭ ባለ የጠጠር መቆፈሪያ ተኮሰችው።

በአደኑ ሁለተኛ ሳምንት፣ በረዶው ቀጠን ብሎ በተነጠፈበት ጠዋት፣ አጋዘኑ ከገደሉ ሥር ወጣ። ኦርላን አጠገቧ ተኝቶ በሩቅ ማያ መነጽሩ እያየ ርቀቱን በጆሮዋ ነገራት። አርዲስ ጉንጯን አሳረፈች፤ አንድ ጊዜ ተኮሰች፤ አጋዘኑ ጥቂት ተራምዶ ወደቀ። ስትተኩስ ስለ ጥይቱ አንዴም አላሰበችም። የገረማት በኋላ፣ መኪናው ውስጥ ሆና ትዝ ሲላት ነው።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 16፣ ሥጋ ቆራጯ ቦኒ ደወለች። «አርዲስ፣ ሥጋሽ ተዘጋጅቷል። ሽማግሌውን ላኪው፤ ሚዛኔን ሊመረምር እንዳይመጣ ብቻ ንገሪው።»

ኦርላን ኮፍያውን አድርጎ ሄደ። አራት ካርቶን ጭኖ ሲመለስ መጀመሪያ ሌስተር ቤት በር ላይ ቆመና ሁለት ጥቅል አቀበለው፤ «ለትከሻህ» ብሎ። ቤት ደርሶ ጥቅሎቹን ምድር ቤት ባለው ፍሪዘር ውስጥ ደረደረ፦ የተፈጨው በግራ፣ ጥብሱ በቀኝ፣ አጥንቱ ከታች። ክዳኑን ዘጋና ወደ ላይ ተጣራ።

«አርዲስ! ሁሉም ገብቷል።»