የካርድ ክፍሉ ሁለተኛ ሲስተም

የጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ሠራተኛ ኮምፒውተር ያስተማረው ሰው የለም፤ ጠረጴዛው ላይ ካለው አሮጌ ኮምፒውተር ጋር ሲታገል ነው የተማረው። ባልደረቦቹ «ኢንጂነሩ» ይሉታል፤ ለሹፈት።

መሥሪያ ቤቱ የገዛው ሲስተም የበሽተኛን ካርድ ፈልጎ የሚያገኘው በቁጥር ብቻ ነው። በሽተኛ ደግሞ ቁጥር አይዝም፤ «የልብስ ሰፊው እናት ነኝ»፣ «የዘበኛው አማች ነኝ» ብሎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ኢንጂነሩ እዚያው ኮምፒውተር ላይ በነጻ የሚገኝ ሌላ ሲስተም ጎን ለጎን ጫነና፣ ሰው በሚጠራበት በማንኛውም ስም ቁጥሩን የሚያወጣ መዝገብ ሠራ። ስድስት ዓመት ሙሉ በምሳ ሰዓቱ ሞላው። ግቢውን ይዞር የነበረው ወረፋ አጥሮ በር ላይ ቀረ። ያመሰገነው የለም።

አዲሱ ኃላፊ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የትኛውን ሲስተም ልክፈት ብሎ መጠየቁን አዩና ደማቸው ፈላ።

«ማን ፈቅዶልህ ነው? አንተው እንዳስገባኸው አንተው አውጣው። እስከ ምሳ።»

መዝገቡን የሚገለብጥበት አንድ ቀን እንዲሰጡት ለመናቸው። የበሽተኛ መረጃ በፍላሽ አይወጣም፣ ደንብ ነው አሉት። ደንቡ ተከብሮ ሰው ቢሞት የሚጠየቅ የለማ!

በንዴት ቢነካካው ቀላል ነበር። የኮምፒውተሩ ማስነሻ ያለው ሁለተኛው ሲስተም ውስጥ ስለሆነ፣ ዝም ብሎ ቢሰርዘው ኮምፒውተሩ ጨርሶ አይነሳም፤ ኃላፊውም ጉዳቸውን ባዩ ነበር። እሱ ግን በር ላይ የተኮለኮለውን ሰው አየ። መጀመሪያ የዋናውን ሲስተም ማስነሻ መለሰ፤ ከዚያ ሁለተኛውን ሰረዘ፤ የተለቀቀውንም ቦታ ለዋናው ጨመረ። የስድስት ዓመት ልፋት ለመጥፋት አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

ከምሳ በኋላ የልብስ ሰፊው እናት መስኮቱ ጋ ቀረቡ። «ልጄ፣ እኔ ነኝ» አሉ፤ እንደ ወትሮው ይበቃል ብለው። ቁጥር ጠየቃቸው።

«ዛሬ ደግሞ ምን ነካህ? አታውቀኝም እንዴ?»

አዲስ ካርድ አወጣላቸው፤ ባዶ። ሊሰጣቸው እጁን ሲዘረጋ አሮጌው ካርድ ላይ በቀይ የተጻፈው ትዝ አለው፤ ፔኒሲሊን አይስማማቸውም፣ አንዴ ሊገድላቸው ነበር። ካርዱን መልሶ ስቦ ቀይ እስክሪብቶ ፈለገና ጻፈው።

«እርስዎንማ እንዴት አላውቅዎትም፣ እማማ» አላቸው።

ከኋላቸው የነበረው ሰውዬ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ፣ እንደሚታወቅ ሰው ፈገግ አለ። ኢንጂነሩ ትክ ብሎ አየው። አላስታወሰውም።