በረኪና የበላው እጅ

ሳውዲ አረቢያ፣ ኮባር ከተማ በሚገኝ አንድ የግል ሆስፒታል ሥራ የጀመርኩ ዕለት ነጭ ጋውን ለብሼ ሄድኩ። አዳማ ነርስ ነበርኩና ሆስፒታል ሲባል ሌላ ልብስ አልታየኝም። የሕክምና መዛግብት ክፍል ኃላፊው ኡስታዝ ሙኒር፣ ረጋ ያለ ሱዳናዊ፣ ከላይ እስከ ታች አየኝና "እዚህ በሽተኛ የለም፤ ጋውኑን ስቀዪው" አለኝ። ኮምፒውተር ፊት አስቀመጠኝ። ሥራዬ ሐኪም የጻፈውን አንብቤ ለእያንዳንዱ ሕመም ኮድ መስጠት ነበር። ኢንሹራንስ የሚከፍለው በዚያ ኮድ ነው።

የመጀመሪያው ፋይል የአንድ መካኒክ ነበር። እጆቹ ቀልተው ተሰነጣጥቀዋል። ሐኪሙ "የቆዳ ብግነት" ብሎ ዘግቶታል። እኔ የቅባትና የግሪሱን ኮድ ሰጠሁት። ኡስታዝ ሙኒር ሰረዘው።

"ግሪስ የሚል የት ተጻፈ?"

"መካኒክ እኮ ነው! ሌላ ምን ይሆናል?"

"ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ኮድ የሚደረገው አንቺ የምታውቂው ሳይሆን ሐኪሙ የጻፈው ነው። ካልተጻፈ ጠይቂው።"

ተናደድኩ። ነርስ ለነበረ ሰው እያወቀ ዝም ማለት ሞት ነው።

ለማያውቀው ሰው የቆዳ ብግነት ሁሉ አንድ ነው። ለእኛ ግን አይደለም። አለርጂ ያመጣው ለብቻው ነው። ሳሙና፣ በረኪና፣ ቅባት ወይም ሲሚንቶ ቆዳውን በቀጥታ አስቆጥቶ ያመጣው ደግሞ ለብቻው፣ ያውም እንደየምክንያቱ ተከፋፍሎ። ምክንያቱ ካልተጻፈ "ያልተገለጸ" የሚል ኮድ አለ። ይህን ኮድ አልወደውም። ኢንሹራንሶቹም አይወዱትም፣ ጥያቄ አስከትለው ይመልሱታል።

ዘይነባን ያወቅኳት ሥራውን ጠንቅቄ ከለመድኩ በኋላ ነው። እንግዳ ተቀባዩ ደውሎ "የአገርሽ ልጅ ናት፣ አረብኛዋ ትንሽ ነው። ማዳሟ መድኃኒት ልታወጣ ሄዳለች። ነይና ቀጠሮዋን አስረጂልን" አለኝ። ወረድኩ። የወሎ ልጅ ናት፣ ደማም አል ፈይሰሊያ ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች። እጆቿን በሻርፗ ሸፍናለች። ገልጣ ስታሳየኝ ጣቶቿ ተልጠው ቀይ ሆነዋል።

"ማዳም ሕፃኑን አትንኪ አለችኝ" አለች። "ይተላለፍበታል ብላ ፈርታ ነው። የሐኪሙ ወረቀት 'አይተላለፍም' ካላለ ኹሩጅ ነው፣ አገርሽ ትገቢያለሽ ብላኛለች። ደሴ ያለው ልጄ የሚማረው እኔ በምልከው ነው፣ እህቴ።"

"ቤቱን በምንድን ነው የምታጸጂው?"

"በክሎሮክስ ነዋ፣ በበረኪና። ሻወሩንም፣ ኩሽናውንም።"

"ጓንት አልገዙልሽም?"

አንገቷን ደፋች። "ማዳም ገዝታልኛለች። ሲንኩ ስር እንደታሸገ አለ።"

"ታዲያ?"

"ኧረ እንዴት አድርጌ! ጓንት አጥልቄ የሰው ዕቃ ባጥብ፣ ቤታችንን ተጸየፈችው አትልም? ነውር ነው፣ ወላሂ።"

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። እናቴም ብትሆን ያንኑ ነበር የምታደርገው።

ተመልሼ ፋይሏን ከፈትኩ። የቆዳ ሐኪሟ ዶክተር ሃላ "ጓንት ትጠቀማለች፣ ለኬሚካል አልተጋለጠችም፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ብግነት" ብላ ጽፋለች። ፋይሉ እንደሚለው የዘይነባን ትንሽ አረብኛ እየተቀበለች ለዶክተሯ ያስተረጎመችው ማዳሟ ነበረች። ሴትየዋ አልዋሸችም። ጓንቱን ገዝታ ሰጥታለች፣ ዘይነባም የምታጠልቀው ይመስላታል። 'አይተላለፍም' የሚል የለበትምና ያ ወረቀት እንደዚያው ከወጣ የዘይነባ ነገር አበቃለት።

"በጆሮዬ ሰምቻለሁ" አልኩት ኡስታዝ ሙኒርን።

"ኮሪደር ላይ የሰማሽው መዝገብ አይደለም። ማብራሪያ ጠይቂ። ግን መልሱን ዶክተሯ አፍ ውስጥ እንዳትከቺ።"

እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት፦ "የበሽተኛዋ ታሪክ የተወሰደው በአሠሪዋ አስተርጓሚነት ነው። በሌላ አስተርጓሚ በድጋሚ ቢጠየቅ።" በረኪና የሚል ቃል አላስገባሁም። ብዙም ሳይቆይ ስልኬ ጮኸ።

"ሚስ መሠረት፣ ወረፋዬ በር ድረስ ሞልቷል። አንቺ ደግሞ ማብራሪያ ትጠይቂኛለሽ?"

"ያልተገለጸ ብዬ ልዝጋው ወይስ ልጠብቅዎት፣ ዶክተር?"

"አስጠሪያት። አንቺም ነይና ተርጉሚ።"

ዶክተር ሃላ ቁጡ ግብፃዊት ናት፤ ግን ሥራ በጅምር አትተውም። ማዳሟን በትሕትና ውጭ እንድትጠብቅ ጠየቀቻት። ሴትየዋ ቅር እያላት ወጣች። ከዚያ ዶክተሯ ስለ ጓንቱ ጠየቀች፣ እኔም ተረጎምኩ። ዘይነባ ለእሷ መመለሱን ትታ እኔን ታያለች፣ አንቺው ንገሪልኝ ነው ነገሩ። መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አስተርጓሚ ግን ያልተባለ አይጨምርም።

"ዘይነባ፣ የጠየቀችሽ ዶክተሯ ናት። አንቺው ንገሪያት። አይዞሽ፣ አብሽሪ።"

ቀስ እያለች ተናገረች። ዶክተር ሃላ የዘይነባን እጆች በባዶ እጇ ይዛ እንደገና አገላብጣ አየች። ከቆዳው ፍቃ አስመረመረች፣ ፈንገስ አልተገኘበትም። ከዚያ "ለማዳምሽ ልንገራት?" ብላ ጠየቀቻት። ዘይነባ ራሷን ነቅንቃ ፈቀደች።

ማዳሟ ገብታ ስትሰማ "ጓንቱን ገዝቼልሽ የለም እንዴ?" አለች።

"ማዳም፣ ቤትሽን የተጸየፍኩ እንዳይመስልሽ ብዬ ነው።"

ይህን ቃል በቃል ተረጎምኩት። ማዳሟ አፏን በእጇ ያዘች። "ያ አላህ! እኔ እኮ የገዛሁት ለእጅሽ አስቤ ነው። ኸላስ፣ ኹሩጅ ማፊ፣ አትሄጂም! እስክትድኚ ዕቃውን ሌላ ሰው ያጥባል።" ዘይነባ "አልሐምዱሊላህ" እያለች አለቀሰች። እኔም አልቻልኩም።

ዶክተር ሃላ መዝገቡን አስተካክላ "በማጽጃ ኬሚካል የመጣ የቆዳ ብግነት፣ አይተላለፍም" ብላ ፈረመች። ኮዱን አስገባሁ። ዘይነባ ለቁጥጥር ተመልሳ ስትመጣ ሕፃኑን ታቅፋ ነበር። ደስ ብሎኝ ለኡስታዝ ሙኒር ስነግረው "ጎበዝ። ቀጣዩን ፋይል ክፈቺ" አለኝ።

ዛሬ አዳዲስ ኮደሮችን የማሠለጥነው እኔ ነኝ። ምክንያቱ ያልተጻፈ የቆዳ ሕመም ስታገኙ ኮድ ከመፈለጋችሁ በፊት በሽተኛውን ማን እንደጠየቀውና ማን እንዳስተረጎመለት እዩ እላቸዋለሁ። ሰው አሠሪው ፊት በይሉኝታ የሚውጠውን፣ ለብቻው በቋንቋው ሲጠይቁት ይናገራል።