እናቴ ያረመችው ሶዲየም

ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመት ውስጥ ነው፤ አባቴ ቡሬ ላይ ኬሚስትሪ ያስተምር ነበር፣ እናቴም እዚያው ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ። የቤት ጣጣ ሲያጨቃጭቃቸው አላየሁም። የሚያከራክራቸው ሶዲየም ነበር። አባቴ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ የንጥረ ነገር ስም ሁሉ፣ ዓረፍተ ነገር መሀል ቢገባም፣ በትልቁ ፊደል ይጀምራል። እናቴ ማስተማሪያውን ለማባዣ በሚሆነው ወረቀት፣ በስቴንስል፣ ስትተይብለት ወደ ትንሹ ትመልሰዋለች።

«በትልቁ የሚጻፈው ምልክቱ ነው። ስሙማ እንደ ጨው፣ እንደ ውሃ ነው። ሶዲየም የሰው ስም ነው እንዴ፣ መምህር?»

«ከስንቱ ሰው ይልቅ እሱን አውቀዋለሁ» ይላል እየሳቀ።

ግሱንም ያደበላልቀዋል። አንዱን መስመር «አሲዱን እንጨምራለን» ብሎ ይጀምርና ቀጣዩን «ውሃው ተጨመረ» ይላል።

«ያለቀ ሙከራ ከሆነ ሁሉም ‹ተጨመረ› ይባል» ትለዋለች።

«አንቺ እያለሽ እኔ ምን አስጨነቀኝ?»

አንድ ክረምት ሆዱ ያብጥ፣ ዓይኑ ቢጫ ይሆን ጀመር። ጉበት ነው አሉን። ፍኖተ ሰላም ተኝቶ ታከመ፤ አያቴም ግሽ ዓባይ ጸበል ወሰዱት። የዐሥራ አንደኛ ክፍል ማስተማሪያውን በሄደበት ሁሉ ይዞ ይዞራል፤ ትራሱን ተደግፎ ይጽፋል። እጁ ሲዝል ወረቀቱን ሰጠኝና «ለእናትሽ ስጫት፤ እሷ ታቃናዋለች» አለኝ።

መስቀልን አልፎ ብዙ አልቆየም። የተወለደበት ማንኩሳ ቀበርነው።

ለቅሶው ሲበተን እናቴ ታይፑን መስኮቱ ሥር አስቀመጠች። እኔ አነብላታለሁ፣ እሷ ትመታለች። ሶዲየም ዘንድ ስንደርስ እጇ ቆመ።

«በትልቁ ነው የጻፈው?»

«አዎ፣ እማዬ። ለመታሰቢያው እንደጻፈው እንተወው?»

«ተማሪው ምን በድሎ? ፈተና ላይ ይህን ጽፎ ሲቀነስበት መምህሩን ይወቅስ? አይሆንም» አለችና በትንሹ መታችው። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱን ስም ባረመች ቁጥር እንባዋን በነጠላዋ ትጠርጋለች፤ አንድም ግን አላለፈችም። ግሶቹንም ሁሉ አቃናቻቸው።

ጽሑፉ ተባዝቶ ለተማሪዎቹ ታደለ። በዓመቱ እናቴ ዝውውር ጠይቃ ወደ ፍኖተ ሰላም ገባን። እዚያ ያለ ወጣት የኬሚስትሪ መምህር መተየብ እንደምትችል ሰምቶ፣ ወረቀቱን በክንዱ አቅፎ ቤታችን መጣ።

«እትዬ፣ እባክዎ እንግሊዝኛውንም ቢያዩልኝ» አላት።

«ዓይኔ ደክሟል፣ ልጄ» አለችው። በሩ ድረስ ሸኘችው፤ ተመልሳም ታይፑን በሻሽ ሸፍና ከአልጋው ሥር ገፋችው።