«አማ» ያለኝ ሰሞን

ልጄ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ሲቀረው ለሁሉም ነገር ስም ነበረው፤ ለኔ ብቻ አልነበረውም። ዶሮዋን «ሉኩ» ይላታል። ውሃ ሲጠማው «ቢሻን» ይላል። እህቱ «ታታ» ናት። ሲያነጥስ እንኳ «ሐምዱላ» ይላል፤ ይሄንን ለእናቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። አባቱን፣ ቅዳሜ ከሰዓት መጥቶ ሰኞ ሳይነጋ ውልቅ የሚለውን ሰውዬ፣ «አባ» ብሎ ይጠራዋል። ዘጠኝ ወር ተሸክሜ አምጬ የወለድኩት እኔን ግን ሲፈልገኝ ቀሚሴን ይጎትታል። በቃ፣ ይኸው ነው።

እናቴ ከደብረ ማርቆስ በደወለች ቁጥር ሰላምታዋን ሳትጨርስ «እህስ፣ እማ አለሽ?» ትላለች።

«አላለኝም።»

«ውይ በሞትኩት! አንቺ እኮ በዓመትሽ…»

እኔ በዓመቴ ያላልኩት ነገር የለም። እሷ ስታወራው ብትሰሙ፣ በዓመቴ ዳዊት ሳልደግም አልቀረሁም። ስልኩን ዘግቼ ልጄን ጭኔ ላይ አስቀምጥና «እማ በል፣ እ-ማ» እለዋለሁ። አፌን ትክ ብሎ ያይና ጣቱን አፌ ውስጥ ይከታል።

የባሰው ደግሞ ሥራዬ ቋንቋ መሆኑ ነው። የምንኖረው ሮቤ ነው፤ እኔ ጎባ እየተመላለስኩ አማርኛ አስተምራለሁ። «አፍ መፍቻ ቋንቋ ማለት ሕፃን ልጅ ከእናቱ…» ብዬ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው እኔ ነኝ። አንድ ቀን እሱን ስጽፍ ጠመኔው እጄ ላይ ቀጥ አለ። የማንን አፍ ፈትቼ ነው ሰውን የማስተምረው?

ጠዋት ጠዋት ሰው አይደለሁም፤ ይሄን አስቀድሜ ልናገር። የሮቤ ብርድ አጥንት ይገባል፤ ልጆቹ ከብርድ ልብስ አይወጡም፤ እኔ አንድ ሰዓት ላይ ከቤት ካልወጣሁ ክፍለ ጊዜዬ ያልፋል። ሦስት ቀን የጠፋችው ውሃ ልክ ቦርሳዬን ሳነሳ ቧንቧው ውስጥ ማጓራት ትጀምራለች፤ ቦርሳዬን ጥዬ ጀሪካን አሳድዳለሁ። አምስት ዓመት የሆናት ሴቷ ልጄ ካልሲ አልለብስም ትላለች። ለምን? «ይነክሰኛል።» ወንዱ የአንድ እግሩን ጫማ የዶሮዋ ቤት ውስጥ ከቶ ሌላውን ብቻ አድርጎ ይንጎራደዳል። ያንን ጎንበስ ብዬ ሳወጣ በገንፎ እጁ ሸሚዜን ከኋላ ይይዘዋል። ያለኝ ንጹህ ሸሚዝ እሱ ብቻ ነው! በዚህ መሀል ስልኬ ይጮኻል። ባሌ ነው፤ ጎሮ አካባቢ ከብት ሲከትብ ሳምንቱን የሚከርም ሰው።

«እንዴት አደራችሁ? ልጆቹ ደህና ናቸው?»

«ልጆቹማ ምን ይሆናሉ፤ እኔን ጠይቀኝ እንጂ!»

«ምን ሆንሽ ደግሞ?»

ጆሮው ላይ እዘጋዋለሁ። የጎሮን ላም ሁሉ በመልክ ይለያል፤ የልጁ ጫማ የት እንደሚደበቅ ግን አያውቅም። ሲመጣ ግን «አባ!» ነው። አንጀቴ ያርራል።

ልጁን የሚይዙልኝ አከራያችን ናቸው። ግቢው የሳቸው ነው፤ ፊት ለፊት ባለው ቤት ይኖራሉ። ሠራተኛዬ አንድ ሰኞ ሳትናገር የሄደች ጊዜ፣ በሩ ላይ ቆሜ ሳለቅስ አገኙኝና «ለኔ ተይው፤ ሰባት ያሳደግኩ ሴትዮ አንድ ያቅተኛል?» አሉኝ። እኔ እንደ አገሩ አክብሬ «አዴ» እላቸዋለሁ። ልጆቹ «አኮ» ይሏቸዋል፤ አያት ማለት ነው። ውለታቸውን ቆጥሬ አልጨርሰውም። አመሰግናቸዋለሁ ብቻ ብል ግን ዋሸሁ። ልጄ ሲወድቅ በኔ አጠገብ አልፎ እሳቸው ጉያ ሲገባ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እቀናለሁ።

ጠዋት የግቢው በር ጋ ይቀበሉኛል። እሱ ይጮኻል፣ አንገቴን አልለቅም ይላል። እሳቸው «ሂጂ፣ ሂጂ፣ ዞረሽ አትይው» ይሉኛል። የሴቷን እጅ ይዤ ወደ አፀደ ሕፃናቷ እሮጣለሁ። አስፋልቱ ጋ ሳልደርስ ልቅሶው ዝም ይላል። በየቀኑ። እንዲህ ቶሎ? እያልኩ ነበር የምሄደው። ለእናቱ የሚያለቅሰው ይሄን ያህል ብቻ ነው?

ከዚያ ደግሞ መናኸሪያው አለላችሁ። የጎባው ሚኒባስ ሾፌር መሪው ላይ ተደግፎ ጫቱን እየቀነጠሰ «አማ፣ አማ!» ይላል። አሁን እንሄዳለን ማለቱ ነው። ሦስት ወንበር ባዶ እያለ «አማ!»፤ ሞልቶ አንድ ሰው በርጩማ ላይ እስኪጨመር «አማ!»። የሱ አማ አርባ ደቂቃ ነው። አንድ ቀን ደሜ ፈልቶ «የትኛው አማ ነው? የዛሬው ነው የነገው?» ብዬ ጮኽኩበት። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እሱም ሳቀና «አማ፣ ቲቸር» አለኝ።

ያ ቀን የመጣው እንዲህ ስንኖር ነው። ዝናቡ ከጎባ እስከ ሮቤ አልተወኝም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ጫማዬ ውሃ ቋጥሮ፣ የስልሳ ተማሪ የፈተና ወረቀት በብብቴ ይዤ የግቢውን በር ገፋሁ። ልጄ ከአዴ በረንዳ ላይ አየኝ። ተነሳ። እጁን ዘርግቶ በጭቃው ላይ እየተንደረደረ መጣ።

«አማ!»

ወረቀቱን ለቀቅኩት። የስልሳ ሰው ድርሰት ጭቃ ውስጥ ገባ፤ ይግባ! ልጄን አነሳሁት፣ ጉንጩን ላስኩት ማለት ይቀላል። «ምን አልከኝ? ድገማት!» «አማ!» ደገማት። እናቴ ጋ ደወልኩ። ስልኩ ውስጥ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ከዚያ ስልኩን ሳትዘጋ ወደ ጎረቤቷ ስትጮህ ሰማኋት።

አራት ቀን ነገሥኩ። በእርግጥ «እማ» ማለት ነበረበት። የመምህር ነገር አይለቀኝምና ላርመው ሞከርኩ፤ «እ-ማ።» እሱ «አማ።» ተውኩት። ሳድሷን «እ» ግዕዝ ቢያደርጋት ምን አለበት፤ ዘጠነኛ ክፍሎቼም ያደርጉት የለ።

በአምስተኛው ቀን እራት ላይ ሆነን ለሴቷ ልጄ ስኩራራባት «አየሽ ወንድምሽ ስሜን እንዴት እንደሚጠራ?» አልኳት። እንጀራዋን እያላመጠች፣ ኮስተር ብላ፦

«እማዬ፣ እሱ እኮ አንቺን አልጠራሽም። «አሁን» ነው ያለው። በኦሮምኛ። አንቺ አታውቂም እንዴ?»

«ዝም በይ! ምን ታውቂና ነው!»

አጯጯኼ ለራሴም አስደነገጠኝ። ልጅቷ የያዘችው ጉርሻ እጇ ላይ ቀረ። ታውቃለች እኮ። ኦሮምኛውን ከኔ አማርኛ አስበልጣ ነው የምታውቀው። እኔስ አላውቅም? ያ ሾፌር በየጠዋቱ ጆሮዬ ላይ ሲጮኸው የከረመውን ቃል፣ ከልጄ አፍ ሲወጣ እንዴት ሳልለየው ቀረሁ? የፈለጉትን መስማት የሚሉት ይሄ ነው መሰለኝ።

ቅዳሜ ባሌ መጣ። ነገርኩት። ሳቀ፤ ሳል እስኪይዘው ሳቀ። «ስንት ጊዜ ሚኒባስ ላይ ስትሰሚው የኖርሽውን!» ይላል ጭራሽ።

«ሳቅ፣ ሳቅ፤ ምን አለብህ! አንተ አባ ተብለሃል!» ብዬ ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ወርውሬ ወጣሁ። ለእናቴ ምን ብዬ ነው የምነግራት? እልል ብላበታለች እኮ።

ሰኞ ጠዋት የሠራሁትን ስራ ሳስበው እስካሁን ፊቴ ይግላል። ልጁን ለአዴ ሳስረክብ፣ ሌሊቱን ሳሰናዳው ያደርኩትን ንግግር አወጣሁት። በትሕትና ነው የተናገርኩት፤ አንገቴን ደፍቼ። «አዴ፣ እንዳይቀየሙኝ። ልጁ አፉን የሚፈታበት ጊዜ ነው። እባክዎን በአማርኛ ብቻ ቢያናግሩልኝ?»

የልጁን ኮፍያ ወደ ጆሮው ሳብ ሳብ አደረጉ። ከዚያ፦

«እሺ፣ ልጄ። አማርኛዬ ስብርብር ያለ ነው፤ ግን ኢንሻአላህ እሞክራለሁ» አሉኝ።

ያን ቀን አስፋልቱ ጋ ስደርስ ልቅሶው አልቆመም። ጥጉን ስዞርም ይሰማኛል። ክፋቴን አልደብቅም፤ ደስ አለኝ። እሰይ፣ እናቱን ፈለጋት አልኩ። ማክሰኞም እንደዚያው፤ ረቡዕም እንደዚያው። እኔ ግን በየማታው ስገባ የልጁ ዓይን አብጦ አገኘዋለሁ። አዴም ድምፃቸው ጎርንኗል። ብርድ ነው ይሉኛል።

ሐሙስ ፈተና ስለነበረ እኩለ ቀን ሳይሞላ ጨርሼ ተመለስኩ። የግቢያችን በር ጋ ስደርስ ቆርቆሮው ከውስጥ በኩል ሲደበደብ ሰማሁ። ትንሽ እጅ ነው። መግፋቱን ትቼ በመቀርቀሪያው ቀዳዳ አጮለቅኩ።

ልጄ በሩ ሥር ቆሟል፣ አንድ እግሩ ጫማ የለውም። አዴ ከኋላው ቁጢጥ ብለዋል።

«አማ?» ይላል ወደሳቸው ዞሮ። ጥያቄ ነው። «አማ?»

«አሁን መጣ። እናት አሁን መጣ፣ እሺ?» ይሉታል፣ ቃል የገቡልኝን አማርኛ።

ልጁ አልገባውም። ፊታቸውን ያያል፣ አፋቸውን ያያል፣ ሌላ ነገር ይጠብቃል። ያ ነገር ሲቀርበት እሪ አለ፤ ቆርቆሮውን በሁለት እጁ ደበደበው። «አሁን፣ አሁን ነው መጣ…» አሉት እንደገና። ባሰበት። አዴ ወደ ቤቴ ዞር ብለው አዩ፤ እኔ የሌለሁበትን ቤት! ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደሚሰርቅ ሰው ጆሮው ሥር፦

«አማ ዱፍቲ፣ ኢልማ ኮ። አማ ዱፍቲ።»

አሁን ትመጣለች፣ ልጄ። አሁን ትመጣለች።

ልቅሶው ቆመ። ድሮ በየጠዋቱ አስፋልቱ ጋ ሳልደርስ ይቆም እንደነበረው። ልጄ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገና ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ መሬት ላይ ተቀመጠ። «አማ» አለ ለራሱ። ሊጠብቅ ነው።

በሩን ይዤ ቆምኩ። እኔ ሰዋስው አስተምራለሁ የምል ሴትዮ! «አማ» ለሾፌሩ ተውሳከ ግስ ነው፤ ጊዜ ነው። ለዚህ ልጅ ግን ባለቤት ነው። ቀኑን ሙሉ «አማ ትመጣለች» ይባላል፤ በመጨረሻ በሩ ተከፍቶ የምትመጣው እኔ ነኝ። ታዲያ አማ ማን ልትሆን ነው? ማንም ሳያስተምረው፣ ራሱ አስቦ፣ ስም አውጥቶልኝ ነበር። እኔ ደግሞ የሚያጽናናውን አንድ ቃል በትሕትና ለምኜ ነጠቅኩት። ሾፌሩን አርባ ደቂቃ አስጠበቀኝ ብዬ የሰደብኩ ሰው፣ የኔ አማ አሥር ሰዓት ሙሉ ነው።

በሩን ገፋሁት። አዴ ደንግጠው ተነሱ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ውይ፣ ልጄ! በአማርኛ ብዬው ነበር እኮ፤ ወላሂ ብዬዋለሁ። አልያዝለት አለ…»

«አዴ፣ እንደ ድሮው ይበሉት» አልኳቸው። ትከሻቸውን ሳምኳቸው።

ልጄ ከመሬት ቀና ብሎ አየኝ። አልሮጠም፣ አልጮኸም። መምጣቴን ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነው የሚመስለው።

«አማ» አለኝ።

«አቤት» አልኩት።